ስለ ውድ አውቶሞቢል ሕመምና ስለ ባለቤቱ ምስክርነት

በብዙ ገንዘብ የተገዛ ነገር ሲበላሽ ባለቤቱን ሁለት ጊዜ ያስጨንቀዋል። በመጀመሪያ የወጣው ገንዘብ ያስጨንቀዋል፤ በሁለተኛም ሰው ምን ይለኛል የሚለው አሳብ ያስጨንቀዋል። ርካሽ ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃው ቢሰበርበት በገበያ መካከል ቆሞ ያማርራል፤ ሰውም ሁሉ ያዝንለታል። ባለ ትልቅ አውቶሞቢል ግን ሞተሩ ሲያንኳኳ በጆሮው እየሰማ፥ ወዳጁ ሲጠይቀው «ደኅና ናት፤ ምንም አልጐደላት» ብሎ ይመልሳል። ይህን ያኽል ገንዘብ አፍስሶ ተታለለ እንዳይባል ይፈራልና። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለሰው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ለመኪናም ይሆናል።

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሞተር መናገራችን ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ትልቁ አውቶሞቢል እንደ ቤቱ አንድ ክፍል ከተቈጠረ ቈይቷል፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፥ እናት ወደ ሐኪም፥ አባት ወደ መሥሪያ ቤት፥ ሁሉም ባንድነት ወደ ሰርግና ወደ ለቅሶ የሚሄዱት በእርሱ ነው። በሩጫ ላይ ሳለ ሞተሩ ድንገት ቢቆም አደጋው የሚደርሰው በብረቱ ላይ ብቻ አይደለም። ደግሞም ሥራችን በፍርድ ቤት ተቀምጦ የከሳሽንና የተከሳሽን፥ የምስክርንም ቃል መጻፍ ስለ ሆነ፥ ይህን ጉዳይ ከመካኒክ በተለየ ዐይን እንመለከተዋለን። መካኒክ የተሰበረውን ብረት ይመረምራል፤ እኛ ግን ብረቱ ከመሰበሩ በፊት ባለቤቱ ምን እንደ ሰማ፥ ለማን እንደ ተናገረ፥ በየትኛውም ወረቀት እንደ ተጻፈ እንጠይቃለን። ልናስረዳ የምንፈልገውም ይህ ነው፤ ስለ መኪናው ሕመም በዕለቱ በእውነት የተጻፈ የባለቤቱ ቃል መኪናውን ከሚያድኑት መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ ከዚያም አልፎ ባለቤቱ የማያውቃቸውን ሰዎች ከአደጋ ያድናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የሞተሩን ነገር ባጭሩ እንግለጽ። በሞተር ውስጥ ነዳጁ ሲቃጠል ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ፒስቶኑም ቢዬላ በሚባለው ክንድ አማካይነት ክራንክ ሻፍት የተባለውን ዋናውን ዘንግ ያዞረዋል። ቢዬላውና ዘንጉ በሚገናኙበት ቦታ ኩሽኔታ አለ። በኩሽኔታውና በዘንጉ መካከል ከጠጕር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ይገባል፤ ሞተሩ ጤናማ ሆኖ ሲዞር ብረት ብረትን አይነካም፤ ዘንጉ በዘይት ላይ ተንሳፎ ይዞራል እንጂ። በደቂቃ 2,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በየሴኮንዱ ከ33 ጊዜ በላይ ይዞራል። እንግዲህ በፋብሪካ ዘንጉ ሲቀረጽ የተረፈ ጥቂት የብረት ብናኝ በዘይቱ መንገድ ውስጥ ቢቀር፥ ወይም የዘንጉ ገጽ እንደሚገባው ባይለሰልስ፥ ያ ቀጭን ሽፋን ይቀደዳል። ያን ጊዜ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ይግላል፤ ኩሽኔታውም ይበላል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰማው ከሩቅ በር እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ በዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፤ በመጨረሻም ዘንጉ ተጣብቆ ይቆማል፥ ወይም ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ይበሳዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ምንም ምልክት ሳይቀድም ይቆማል።

ይህ የደረሰ ነገር ነው። ጄነራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሚሠራቸው ውድ መኪናዎች መካከል ካዲላክ ኤስካሌድና ጂ ኤም ሲ ዩኮን ይገኛሉ፤ ሸቭሮሌ ታሆና ሰበርባንም ከእነርሱ ጋራ አንድ ወገን ናቸው። ለእነዚህ መኪናዎች ከሚገጠሙት ሞተሮች አንዱ ባለ 8 ሲሊንደር፥ ባለ 6.2 ሊትር ሞተር ነው። ከ2021 እስከ 2024 በሚባለው ሞዴል ይህ ሞተር ያላቸው ባለቤቶች ሞተሩ በመንገድ ላይ እንደ ቆመባቸው ማመልከት ጀመሩ። በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ ማንኛውም ባለ መኪና ያየውን ጕድለት ለዚህ መሥሪያ ቤት ያለ ክፍያ ሊያመለክት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ2025 በጃንዩዌሪ ወር ምርመራ ሲከፍት ያነሣሣው የባለቤቶች አቤቱታ ቍጥር 39 ነበር። ምርመራው ግን 877,000 የሚያኽሉ መኪናዎችን የሚመለከት ሆነ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር መጨረሻ ኩባንያው በአሜሪካ 597,000 ያኽል፥ በዓለም ሁሉ ደግሞ 721,000 ያኽል መኪናዎችን ለምርመራና ለጥገና ጠራ። ለመንግሥትም ባቀረበው ጽሑፍ ከ2021 እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ከዚህ ሞተር ጋራ የተያያዘ 28,102 ስሞታ በአሜሪካ እንደ ተገኘ፥ ከዚሁም ውስጥ 14,332ቱ መኪናው ኀይል አጣ የሚሉ እንደ ነበሩ፥ 12 ግጭትና 12 የመቍሰል አደጋም እንደ ተነገረ ገለጠ።

አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን ሁለት ቍጥሮች አስተያያቸው። ባንድ ወገን 39፥ በሌላው ወገን ከ28,000 በላይ ነው። በየጋራዡ የቆመው ባለ መኪና የጎረቤቱን ስሞታ አያይም፤ የእርሱ ዕድል ብቻ የከፋ ይመስለዋል። የራሱን መኪና ካስጠገነ በኋላም ነገሩ ያለቀ መስሎት ዝም ይላል። እነዚያ 39 ሰዎች ግን ለሕዝብ በተከፈተው መዝገብ ላይ ቃላቸውን አኖሩ፤ በእነርሱም ቃል መንግሥት የሚጠይቅበት መሠረት አገኘ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ይህ ነው። በፍርድ ቤትም ዘወትር የምናየው እንዲሁ ነው፤ በእልፍኝ የተነገረ መቶ ቃል በመዝገብ ላይ ካረፈ አንድ ቃል ያንሳል።

የተገኘውም መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነበር። ተመርምሮ ጕድለት የተገኘበት ሞተር እንዲጠገን ወይም በሌላ እንዲለወጥ ተደረገ። ምርመራውን ያለፈው ደግሞ ዜሮ ደብሊው 20 የሚባለው ቀጭን ዘይት ቀርቶለት ዜሮ ደብሊው 40 የተባለው ወፈር ያለ ዘይት፥ አዲስ የዘይት ክዳንና አዲስ ፊልትሮ እንዲሰጠው ታዘዘ። ስለዚህ የድሮውን መመሪያ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ባለ መኪና የተሻረ ሕግ እንደሚጠቅስ ጠበቃ ይሆናል።

ይህን ስንጽፍ አንዱን ፋብሪካ አዋርደን ሌላውን ልናከብር አይደለም። በሀገራችን በጥንካሬው የታወቀው ቶዮታ በ2024 በአሜሪካ 102,000 የሚያኽሉ መኪናዎችን ጠርቷል፤ ከእነዚህም መካከል ሌክሰስ ኤል ኤክስ የተባለው ውድ መኪና ይገኝበታል። ምክንያቱም በሥራ ጊዜ የቀረ የብረት ፍርፋሪ የሞተሩን ዋና ኩሽኔታ ሊያበላሽ ስለሚችል ነው። የጀርመኑ ፖርሽም ከ2003 እስከ 2006 በነበረው ባለ 8 ሲሊንደር ካየን ላይ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች ከፕላስቲክ ሠርቷቸው ነበር። ቱቦዎቹ የተቀበሩት ሙቀት በበዛበት በሞተሩ ሸለቆ ውስጥ ስለ ነበረ፥ ዓመታት ሲያልፉ ይሰነጠቁና ውሃውን ያፈሱ ጀመር፤ ባለቤቶቹም በአሉሚኒየም ቱቦ ያስለውጧቸው ነበር። ነገሩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት አለቀ። በዚያው መኪና ላይ ኀይልን ወደ ኋላ የሚያደርሰው ካርዳን በመካከሉ የሚደገፍበት ኩሽኔታ ጎማው ያልቅና ከወለሉ በታች ይደበድብ ነበር። እንግዲህ ከፍ ያለ ዋጋ የቆዳ ወንበርና የተወለወለ እንጨት ይገዛል እንጂ ከሕመም ነጻ የሆነ ብረት አይገዛም።

ካርዳንን ካነሣን ዘንድ ሞተሩ ሰላም ሳለ በማርሹና በአራቱ ጎማ በኩል ስለሚመጣው ሕመም ጥቂት እንናገር። አራቱም ጎማ በሚገፋበት መኪና ውስጥ ከካምቢዮው ቀጥሎ ኀይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል ሣጥን አለ። በብዙዎቹ ውድ መኪናዎች ይህ ሣጥን በዘይት ውስጥ የተነከሩ ስስ የፍሪሲዮን ሳህኖች አሉት። አራቱ ጎማዎች እኩል ሲሆኑ ሳህኖቹ ያርፋሉ። ሦስቱ አርጅተው አንዱ ብቻ አዲስ ቢሆን ግን፥ አዲሱ ጎማ ዙሪያው ሰፊ ስለ ሆነ በዝግታ ይዞራል፤ ያረጁትም ይፈጥናሉ፤ ሳህኖቹም ልዩነቱን ለማስታረቅ ቀንና ሌሊት ሲፋተጉ ይኖራሉ።

የአክስታችን ልጅ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ክፍል ይኖራል። እንደ ብዙዎቹ በዚያ እንዳሉ የሀገራችን ልጆች፥ ጥቁርና ረዥም መኪና ገዝቶ ከአየር ማረፊያ ወደ ዋሽንግተን መንገደኛ እያመላለሰ ቤተ ሰቡን ያስተዳድራል። መኪናው ከላይ ከጠራናቸው ፋብሪካዎች የወጣ አይደለም፤ የሠሪውንም የጠጋኙንም ስም አናነሣም። አንድ ጊዜ መኪናው ሲታጠፍ ይንቀጠቀጥ፥ ፍሬን እንደ ተያዘበት ሆኖ ይጐተት ጀመር። ሦስት ጊዜ ወደ ጋራዥ ወሰደው፤ ሦስት ጊዜም «ችግሩ አልታየም» የሚል ወረቀት ይዞ ተመለሰ። በአራተኛው ሣጥኑ በሙሉ መለወጥ አለበት ተብሎ ከስድስት ወር የቤት ኪራይ የሚበልጥ ዋጋ ተጠየቀ። ገንዘቡን ከማን እንደሚበደር ሲያስብ ሌሊቱን ሳይተኛ ያነጋ እንደ ነበር ነግሮናል።

ባለቤቱ በሆስፒታል አስታማሚ ናት፤ የበሽተኛን ትኵሳት በሰዓቱ መጻፍ ልማድዋ ነው። እርስዋም «መኪናውንስ ለምን እንደ በሽተኛ አንጽፈውም?» አለችና በትንሽ ደብተር መጻፍ ጀመረች። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የተሄደበትን ማይል፥ ሞተሩ ቀዝቃዛ ወይም ሙቅ መሆኑን፥ ቀኝ ወይም ግራ መታጠፉን ሳታጐድል ጻፈች። በስድስት ሳምንት ውስጥ 11 ጊዜ ተጻፈ። ደብተሩ ሲነበብ ነገሩ ራሱን ገለጠ፤ መንቀጥቀጡ የሚመጣው ሁልጊዜ መኪናው ግማሽ ሰዓት ያኽል ከሄደ በኋላ፥ በዝግታም ሲታጠፍ ነው። በማለዳ ወደ ጋራዥ የሚደርሰው ግን ሳይሞቅ ስለ ነበረ ጠጋኞቹ ምንም አላዩም። የድሮዎቹን ደረሰኞች ከደብተሩ ጋራ ስታስተያይ ደግሞ ሕመሙ የጀመረው አንድ ጎማ ብቻ በተለወጠ በሁለተኛው ሳምንት ሆኖ ተገኘ። ጎማውን የለወጠውም ያው ጋራዥ ነበረ።

ሁለቱ ደብተሩንና ደረሰኙን ይዘው ወደ ሌላ መካኒክ ሄዱ። እርሱም የአራቱን ጎማ ጥልቀት ለክቶ፥ መኪናውንም ከሞቀ በኋላ ነድቶ፥ ሦስቱን ጎማ አስለወጠ፤ የሣጥኑንም ዘይት አፍስሶ በአዲስ ተካው። ከፈሰሰው ዘይት የተቃጠለ ሽታ ወጣ፤ ሳህኖቹ ግን ገና አላለቁም ነበር። መንቀጥቀጡም ቀረ። የመጀመሪያው ጋራዥ አለቃ የራሱን ደረሰኝ ከደብተሩ አጠገብ ተዘርግቶ ባየ ጊዜ ብዙ አልተከራከረም፤ የሦስቱን ጎማ ዋጋ ከፈለ። የአክስታችን ልጅ ለብዙ ሳምንት በቃሉ ያስረዳውን አንዲት ደብተር በሩብ ሰዓት አስረዳችለት። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

በዚያ ሀገር ሕጉም የሚጻፈውን ነገር ይደግፋል። በተደጋጋሚ ተጠግኖ የማይድን አዲስ መኪና በሕዝቡ አነጋገር ሎሚ ይባላል። በ1982 የኮኔቲከት ክፍል ለዚህ የሚሆን ሕግ አወጣ፤ ሌሎቹም ክፍሎች እየተከተሉ አወጡ። ውሳኔው በየክፍሉ ቢለያይም፥ መኪናው ስንት ጊዜ ለጥገና እንደ ገባና ስንት ቀን ከሥራ እንደ ዋለ ይቈጠራል። የሚቈጠረውም በወረቀት ነው። ስለዚህ «ችግሩ አልታየም» የሚለው ወረቀት እንኳ አይጣልም፤ ባለቤቱ በዚያ ቀን ቀርቦ እንደ ተናገረ ይመሰክራልና።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ነገሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም። ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮችም ሆነ ከአሜሪካ ያገለገለ ውድ መኪና ገዝቶ ያመጣ ሰው ብዙ ነው፤ ፋብሪካው ለመጀመሪያው ባለቤት የላከው የጥሪ ደብዳቤ ግን ከመኪናው ጋራ መርከብ አይሳፈርም። ደግሞም ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፥ በእጅ ያለውን መጠበቅ ግድ ሆኗል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በመኪናው የፊት መስተዋት ግርጌ ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ 17 ፊደልና ቍጥር ያለው መታወቂያ ተጽፏል፤ ይህን ገልብጦ በአሜሪካ ለተሸጠው የአሜሪካውን መሥሪያ ቤት መዝገብ፥ ለሌላው የፋብሪካውን ወኪል ቢጠይቁ፥ ያልተፈጸመ ጥሪ ያለበት መሆኑ ይታወቃል።

ሌላም የሀገራችን ችግር አለ፤ እርሱም የሾፌሩ ፍርሃት ነው። በትልቅ ቤት መኪናውን ከጌታው ይልቅ የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። መርጌታ በደቀ መዛሙርት መካከል የሳተችውን አንዲት ዜማ ለይቶ እንደሚሰማ፥ ሾፌርም ከትናንቱ የተለየውን ድምፅ ይሰማል። ነገር ግን «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ተብሎ ከእንጀራው እንዳይወጣ ስለሚፈራ፥ ጌታው ሲጠይቁት «ደኅና ነው፥ ጌታዬ» ይላል። እንዲህ ያለው ቤት በደመወዝ የቀጠረውን ምስክር በቍጣ አፉን ዘግቶታል። እመቤቲቱ በጐን ተቀምጠው የሰሙትን፥ ልጆችም ከኋላ «ምን ይሸታል?» ያሉትን አቃልሎ የሚያልፍ አባወራ ከዚህ የተሻለ አይደለም። በቅድሚያ የተናገረ ሾፌር ይመስገን፤ ያንጊዜ ጕድለቱ ገና በዘይትና በፊልትሮ ሳለ ይገኛል።

እንግዲህ በየመኪናው ኪስ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይቀመጥ። በደብተሩም ቀኑ፥ የተሄደበት ኪሎ ሜትር፥ ሞተሩ ቀዝቃዛ ወይም ሙቅ መሆኑ፥ ፍጥነቱ፥ ዳገት ወይም ሜዳ መሆኑ፥ የተሰማው ድምፅ፥ የበራውም መብራት ይጻፍ። ዘይት በተለወጠ ጊዜ ዓይነቱና መጠኑ ይመዝገብ፤ በለውጥና በለውጥ መካከል የጐደለውም ይለካ። አራቱ ጎማ ባንድነት ይለወጥ። ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራ ግን ደብተር መፈለግ አያሻም፤ ከመንገድ ዳር ወጥቶ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው። «እስከ ቤት ልድረስ» ማለት ኩሽኔታ ብቻ ይፈልግ የነበረውን ሞተር ለጥራጊ ብረት መስጠት ነው።

በመጨረሻም ምስክር ሊጠብቀው የሚገባውን አንድ ነገር እንጨምር። ያዩትንና የሰሙትን ከገመቱት መለየት ይገባል። «በዳገት ላይ ሦስት ጊዜ አንኳኳ፥ ከዚያም ኀይል አጣ» ብሎ መጻፍ ምስክርነት ነው፤ «ፋብሪካው ሌባ ነው» ብሎ መጻፍ ስድብ ነው፤ መካኒክን አይረዳም፥ ዳኛንም አያሳምንም። የራስን ቸልታ በሠሪው ላይ መለጠፍም የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ዘይቱን በጊዜው ያልለወጠ ሰው ያንኑ በደብተሩ ይጻፍ። ቃሉ እውነተኛ ከሆነ፥ አንድ ሰው በቤቱ ደጅ ቆሞ የጻፈው ነገር ከሌሎች ቃል ጋራ ሲገናኝ ትልቁን ፋብሪካ ለጥያቄ ያስነሣዋል። መኪናው ውድ ነው ተብሎ የሚሸሸግ ሕመም ግን ባለቤቱን ከመንገድ ላይ፥ ምናልባትም ከነልጆቹ በጨለማ ያቆመዋል።